የቄሣር መምህር ሴኔካ

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 18 አይሁድ ቅዱስ ጳውሎስን በፍርድ ወንበር ፊት ባቆሙት ጊዜ ክሳቸውን ሳይቀበል የመለሳቸው የአካይያ አገረ ገዥ ጋልዮስ እንደ ነበረ እናነባለን። የዚህ ጋልዮስ ወንድም ሴኔካ ይባላል። ዛሬ የእርሱን ታሪክ ባጭሩ እንናገራለን።

ሴኔካ በእስጳንያ በኮርዶባ ከተማ ተወለደ፤ በሕፃንነቱም ወደ ሮም ተወስዶ ፍልስፍናንና የንግግርን ጥበብ ተማረ። በሸንጎም አንደበቱ የተደነቀ ሰው ሆነ። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ41 ዓ.ም. በነውር ተከሰሰና ቄሣር ቀላውዴዎስ ወደ ኮርሲካ ደሴት አጋዘው፤ በዚያም 8 ዓመት ተቀመጠ። በ49 ዓ.ም. የቄሣሩ ሚስት አግሪጲና ምሕረት አሰጥታ አስመለሰችውና ልጇን ኔሮንን እንዲያስተምር አደረገችው።

ኔሮን በ54 ዓ.ም. ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ነገሠ። የመንግሥቱንም ሥራ ሴኔካና የዘበኞቹ አለቃ ቡሩስ ያቀኑለት ነበረ። ሴኔካ ስለ ምሕረት መጽሐፍ ጽፎ ለወጣቱ ንጉሥ አበረከተለት፤ ኀይል ያለው ሰው ቁጣውን ሊገዛ እንደሚገባውም መከረው።

ዳሩ ግን ደቀ መዝሙሩ መምህሩን አልሰማም። በ59 ዓ.ም. ኔሮን እናቱን አስገደለ። ለሸንጎው የተላከው የማስተባበያ ደብዳቤ በሴኔካ እጅ የተጻፈ መሆኑን ታሪክ ጸሐፊው ታሲጦስ ያመለክታል። ባለጠግነትን ንቆ የጻፈው ይህ ሰው ከሮም ታላላቅ ባለጠጎች አንዱ ነበረ። በ62 ዓ.ም. ቡሩስ ሲሞት ሴኔካ ሀብቱን መልሶ ይሰናበት ዘንድ ለመነ፤ ንጉሡ ግን እሺ አላለውም። በ65 ዓ.ም. የጲሶ አድማ ተካፋይ ነህ ተብሎ ራሱን እንዲገድል ታዘዘ፤ የደም ሥሩንም ቆርጦ ሞተ።

ሴኔካና ቅዱስ ጳውሎስ ተጻጻፉአቸው የሚባሉ 14 ደብዳቤዎች አሉ። ሊቃውንት ግን መርምረው ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ የተደረሱ መሆናቸውን ገልጸዋል። ሁለቱም በኔሮን ዘመን ሞቱ፤ ነገር ግን ሐዋርያው ስላስተማረው ነገር ሲሞት፥ ሴኔካ ያስተማረውን ትቶ ባገለገለው ጌታ እጅ ጠፋ።

ምናልባት፥ «እርሱ ቢሄድ ንጉሡን የሚገታው ማን ነበረ?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ በሹም ደጅ የሚያገለግል ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ክፋትን ሊቀንስ የቆየ ሰው ክፋትን በብዕሩ ማስዋብ ሲጀምር፥ የቆየበት ምክንያት በዚያው ቀን ያልቃል። እኛም መካሮችና አስተማሪዎች የሆንን፥ መቼ እንደምንናገር ብቻ ሳይሆን ምን እንደማንጽፍም አስቀድመን እንወስን። ማስተዋሉን ያድለን፤ አሜን።