ስለ ኮምፒዩተር አጫጭር ትእዛዞች ታሪክ

ኮምፒዩተር በሥዕልና በመዳሰስ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ባንክንና ስልክን ከሚያገለግሉት ታላላቅ ኮምፒዩተሮች የሚበዙት ዛሬም የሚተዳደሩት ተርሚናል በሚባለው መስኮት ላይ በሚጻፉ አጫጭር ትእዛዞች ነው። ታሪካቸውን ብንመረምር ለእኛ ለራያ ቆላ ልጆች የሚበጅ ትምህርት እናገኛለን።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዐት መሥራት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ሰው ከኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገረው ቴሌታይፕ በሚባል የጽሕፈት መኪና ነበር። ይኸውም መኪና በሴኮንድ 10 ፊደል ያህል ብቻ በወረቀት ላይ ያትም ስለ ነበረ፥ ቴሌግራም የሚልክ ሰው ቃሉን እንደሚቈጥብ ሁሉ ትእዛዝን ማሳጠር ግድ ሆነ። ስለዚህ «ዝርዝሩን አሳይ» ለማለት ኤል ኤስ፥ «ገልብጥ» ለማለት ሲ ፒ፥ «አጥፋ» ለማለት አር ኤም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የትእዛዞቹ መምሪያ መጽሐፍ ተዘጋጀ፤ ዛሬ ማን የሚለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ትርጉም ከዚያው ከኮምፒዩተሩ ያነብልናል።

እ.ኤ.አ. በ1983 ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ፒንግን ጻፈ። ፒንግ በሩቅ ያለውን ኮምፒዩተር «አለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ይጠብቃል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት በቆቦ ስልክ ተቋርጦ ሳለ፥ ዘመድ ከዘመዱ ጋር ይህንኑ አንድ ቃል ለመለዋወጥ አልቻለም ነበርና፥ የጥያቄው ክብደት ለእኛ የታወቀ ነው።

በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ እ.ኤ.አ. በ1995፥ ታቱ ዩሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ ኤስ ኤስ ኤች የተባለውን አወጣ። በዚህ አማካይነት በደሴ የተቀመጠ ባለሙያ በቆቦ ያለውን ኮምፒዩተር፥ ማንም ምስጢሩን ሳያይበት፥ ሊጠግነው ይችላል። መስመሩ ደክሞ ሥዕል ማለፍ ባቃተው ጊዜ እንኳ ጥቂት ፊደላት ያልፋሉ። በ1969 ከመኪናው ዝግመት የተነሣ የመጣው ማጠር፥ ደካማ መስመር ላለው አገር ዛሬ ጥቅም ሆነ ማለት ነው።

ሆኖም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አር ኤም ያጠፋውን ፋይል የሚመልስ ቅርጫት የለውም፤ ሱዶ የሚለው ቃል ሲጨመርበት ደግሞ በሙሉ ሥልጣን ይፈጽመዋል። ገበሬዎቻችን ከደጋ የሚወርደውን የጎሊናንና የሆርማትን ጎርፍ በትንሽ ቦይ ወደ ማሽላው ይመሩታል፤ ቦዩ በስፍራው ቢቈፈር ማሳውን ያጠግባል፥ ያለ ስፍራው ቢቈፈር አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ትእዛዝም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አስተዋይ አስተዳዳሪ አስቀድሞ ፒ ደብሊው ዲ ብሎ የቆመበትን ስፍራ ያውቃል፤ በኤል ኤስ ያለውን ያያል፤ በሲ ፒ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ ያዝዛል።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ትእዛዞቹን ከነምክንያታቸው እንማራቸው። እነርሱን ለመለማመድ አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃል፤ መምሪያውም በውስጡ አለ። የአገራችንን መስመር ነገ የሚጠብቁት እጆች ከዚህ ከቆላውም እንዲወጡ መትጋት የእኛ ፋንታ ነው።