የኋላ ወንበሩ ልጅ ጥያቄና የሉዊስ ነጠብጣቦች

ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ሁሉ ነጠብጣቦቹን ያስታውሳቸዋል። የክሎሪን ምልክት ይጻፍና ዙሪያውን ሰባት ነጥብ፤ አጠገቡ ሌላ ክሎሪን፣ እሱም ሰባት። ከዚያ መሃል ላይ የተገናኙትን ሁለት ነጥቦች በቾክ እናከብና «ይሄ ኮቫለንት ቦንድ ነው፤ ተጋሩ፤ ለሁለቱም ስምንት ስምንት ሞላላቸው» እንላለን። ለፈተና ይበቃል። ወደሚቀጥለው ርዕስ።

በየዓመቱ ግን ከኋላ ወንበር እጁን የሚያወጣ አንድ ልጅ አይጠፋም ነበር። «ቲቸር፣ ጠዋት ፊዚክስ ላይ ተመሳሳይ ቻርጅ ይገፋፋል ብለውናል። ኤሌክትሮን ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ታዲያ ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ ተቀመጡ?» ጠዋት ፊዚክሱን ያስተማርኩት እኔው፣ ከሰዓት ኬሚስትሪውን የማስተምረው እኔው፤ ማምለጫ የለኝም። አጭሩን መልስ ሰጥቼ እቀጥላለሁ፤ ደወሉ አይጠብቅማ። ፌስቡክ ደወል የለውምና ዛሬ ረዥሙን ልጻፍላችሁ። ያ ጥያቄ የሰነፍ ተማሪ ጥያቄ አይደለም፤ ኬሚስትሪን ከመቶ ዓመት በላይ ያስጨነቀ ጥያቄ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከኒውተን እንነሳ። ኒውተንን የምናውቀው በጨረቃና በፖም ነው። ሰውዬው ግን የአሲድና የብረትን ነገር ለብዙ ዓመታት በገዛ ምድጃው ሲሞክር የኖረ ሰው ነው። ኦፕቲክስ በተባለው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ካስቀመጣቸው ጥያቄዎች በአንዱ ውስጥ፣ ትንንሾቹ የቁስ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው በቅርብ ርቀት የሚሳሳቡበት ኃይል ይኖራቸው ይሆን ወይ ብሎ ጠይቋል። የትኛው ኃይል? ግራቪቲ እንዳይባል እጅግ ደካማ ነው። በሃይድሮጅን አተም ውስጥ ፕሮቶንና ኤሌክትሮንን የሚያሳስበው የኤሌክትሪክ ኃይል ከግራቪቲው የሚበልጠው 2 ጽፋችሁ 39 ዜሮ ብትደረድሩ የሚመጣውን ቁጥር ያህል ጊዜ ነው። ይህን ለማወቅ ግን መጀመሪያ ኤሌክትሪክን መለካት ያስፈልግ ነበር። በ1785 ኩሎምብ ቀጭን ሽቦ ላይ ባንጠለጠለው ሚዛን ለካው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራተኛ ይሆናል። በ1800 ቮልታ ባትሪ ሠራ። በ1807 ደግሞ እንግሊዛዊው ዴቪ በባትሪ ጉልበት ሶዲየምንና ፖታሲየምን ከውህዶቻቸው ገነጠላቸው። ኤሌክትሪክ ቦንድ የሚፈታ ከሆነ፣ ያሰረውም ኤሌክትሪክ መሆን አለበት ቢባል ማን ይቃወማል?

ስዊድናዊው በርዜሊየስ ይህን ይዞ ትልቅ ንድፈ ሐሳብ ገነባ። አንዱ አተም ፖዘቲቭ ያደላል፣ ሌላው ኔጌቲቭ፤ ይሳሳባሉ፤ ውህድ ይሆናሉ። ለገበታ ጨው ግሩም አድርጎ ይሠራል። በዘመኑ በአውሮፓ ኬሚስትሪ ውስጥ ከእሱ ቃል የሚወጣ ጥቂት ነበር።

አሁን ችግሩ ይመጣል። በ1811 ጣሊያናዊው አቮጋድሮ ቀላል ነገር አስተዋለ። ሁለት እጅ ሃይድሮጅን ጋዝና አንድ እጅ ኦክስጅን ጋዝ ሲዋሃዱ ሁለት እጅ የውሃ እንፋሎት ይወጣል። በእኩል መጠን ጋዝ ውስጥ እኩል ቁጥር ያለው ሞለኪውል አለ ካልን፣ አንዱ የኦክስጅን ሞለኪውል ለሁለት መከፈል አለበት። ስለዚህ ኦክስጅን የሚኖረው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። ሃይድሮጅንም እንደዚያው።

በርዜሊየስ አልተቀበለውም። ሁለት የኦክስጅን አተሞች ሁለቱም ኔጌቲቭ ናቸው፤ ይገፋፋሉ እንጂ እንዴት ይያያዛሉ? ልብ በሉ፣ የኋላ ወንበሩ ልጅ ጥያቄ ማለት ነው! ልዩነቱ ልጁ ጠየቀ፣ በርዜሊየስ ግን በሩን ዘጋበት። ውጤቱም ቀላል አልነበረም። የኦክስጅንን ክብደት 16 የሚል አለ፣ 8 የሚል አለ፤ የውሃን ፎርሙላ እንኳ አንዱ በሁለት ሃይድሮጅን ሌላው በአንድ ይጽፈዋል። ይህ ግራ መጋባት ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆየ። ካኒዛሮ በ1860 ካርልስሩኸ በተደረገው ጉባኤ የአገሩን ሰው የአቮጋድሮን ሐሳብ አንስቶ ሲሟገት ነው ነገሩ መጥራት የጀመረው። አቮጋድሮ ያኔ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። እኔ በርዜሊየስን አልወቅሰውም፤ በያዘው ፊዚክስ ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላም ኬሚስቶች ጥንዱን ተቀበሉ እንጂ «ለምን ተያያዘ?» የሚለውን አልመለሱም። በሁለት አተሞች መካከል ጭረት ማስመር ለመዱ። ጭረቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ ሰውዬአችን እንምጣ። ጊልበርት ኒውተን ሉዊስ በ1875 ማሳቹሴትስ ተወለደ፣ ነብራስካ አደገ፤ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቱ ገደማ የተማረው ቤቱ ነው። ሃርቫርድ ዶክትሬቱን ሠርቶ እዚያው ሲያስተምር፣ በ1902፣ ለጀማሪ ተማሪዎች የፔሪዮዲክ ቴብልን ጠባይ ሊያስረዳ ቸገረው። ኤሌክትሮን ከተገኘ ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ ኒውክለስ የሚባል ነገር ጭራሽ አይታወቅም። ሉዊስ በወረቀት ላይ ኩቦች ሣለ። ኩብ ስምንት ማዕዘን አለው። ሶዲየም አንዱ ማዕዘን ላይ ኤሌክትሮን አለው፣ ማግኒዥየም ሁለቱ ላይ፣ እያለ ክሎሪን ሰባት ይደርሳል። ስምንቱም ሲሞላ ማንንም የማይፈልግ ጋዝ ይሆናል። ይህን የማስተምር ሰው ሆኜ ስሰማ ደስ የሚለኝ ነገር አለ፦ ሐሳቡ የመጣው ከላቦራቶሪ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ተማሪ እንዲገባው ከመጨነቅ ነው።

ግን አላሳተመውም። በዚያን ጊዜ በአካባቢው ስለ አተም ውስጥ መገመት እንደ ቁም ነገር አይታይም ነበር። ወረቀቱ አሥራ አራት ዓመት ተቀመጠ። ሉዊስ በመካከሉ ማኒላ ሄዶ ሠራ፣ ኤምአይቲ አስተማረ፣ በ1912 ካሊፎርኒያ በርክሌይ የኬሚስትሪ ኮሌጁን ሊመራ ሄደ። በ1916 «አተሙና ሞለኪውሉ» የሚለውን ጽሑፉን ሲያወጣ፣ በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ኮስል ኤሌክትሮን ሰጥቶና ተቀብሎ ስለመሳሳብ፣ ማለትም አሁን አዮኒክ ቦንድ ስለምንለው፣ ጽፎ ነበር። የሉዊስ ትልቁ ነገር ሌላ ነው፦ መስጠትና መቀበል ሳያስፈልግ፣ ሁለት አተሞች ሁለት ኤሌክትሮኖችን በጋራ ሊይዙ ይችላሉ አለ። ያ ጭረት ጥንድ ኤሌክትሮን ነው። በቃ። ሁለቱን ነጥቦች ያስገባልን እሱ ነው።

ኩቡም እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ተበላሸበት። ሁለት ኩቦች አንድ ጠርዝ ቢጋሩ ነጠላ ቦንድ፣ አንድ ገጽ ቢጋሩ ድርብ ቦንድ ይሆናል። ናይትሮጅን ግን ሦስት ቦንድ አለው፤ ኩብ ሦስት ቦንድ ሊሠራ አይችልም። ሉዊስ ለኩቡ አላለቀሰለትም። ስምንቱን ኤሌክትሮኖች አራት ጥንድ አድርጎ በቴትራሄድሮን አራት ማዕዘን ላይ አስቀመጣቸው፤ ካርቦን ከ1874 ጀምሮ በዚህ ቅርጽ ይታወቅ ነበር። አሁን ጫፍ ለጫፍ ነጠላ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ድርብ፣ ገጽ ለገጽ ሦስት ቦንድ ሆነ።

የኋላ ወንበሩ ጥያቄስ? ሉዊስ አልሸሸውም። ኤሌክትሮኖች ጥንድ ሆነው እያየሁ ከሆነ፣ የኩሎምብ ሕግ በጣም በትንሽ ርቀት ላይ አይሠራም ማለት ነው አለ! ድፍረት ነው። ልጁ «ፊዚክሱና ኬሚስትሪው ተጣሉ» አለ፤ ሉዊስ ደግሞ «እንግዲያው ፊዚክሱ ይታረም» አለ። ፊዚክስ አስተማሪነቴ እዚህ ላይ ትንሽ ይቆጣል፤ ኬሚስትሪ አስተማሪነቴ ያጨበጭባል።

መልሱ የመጣው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። በ1927 ሃይትለርና ለንደን የተባሉ ሁለት ወጣት ፊዚሲስቶች አዲሱን ኳንተም መካኒክስ ለሃይድሮጅን ሞለኪውል አሰሉት። ቁጥራቸው ከሚለካው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቦንዱ ግን ከስሌቱ ውስጥ ወጣ። የኩሎምብ ሕግ ምንም አልሆነም። ቁጠሩት፦ ሁለት ፕሮቶን፣ ሁለት ኤሌክትሮን። መገፋፋቱ ሁለት ነው፤ ፕሮቶን ከፕሮቶን፣ ኤሌክትሮን ከኤሌክትሮን። መሳሳቡ አራት ነው፤ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ሁለቱንም ፕሮቶኖች ይፈልጋል። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹ ተዋደው አይደለም የተጎራበቱት። የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶች አንድ ቦኖ ላይ ጀሪካን ይዘው ሲሰለፉ አስቡ፤ ያገናኛቸው ውሃው ነው። ይህ ቆጠራ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ኤሌክትሮን ለምን ፕሮቶኑ ላይ ወድቆ እንደማይቀር፣ ለምንስ ሦስተኛ ኤሌክትሮን ያው ቦታ ላይ እንደማይገባ አይነግረንም። የመጀመሪያውን ኳንተም መካኒክስ ራሱ፣ ሁለተኛውን ፓውሊ በ1925 ያወጣው ክልከላ መለሱት፤ አንድ ቦታ ላይ የሚገቡት ስፒናቸው ተቃራኒ የሆነ ሁለት ብቻ ናቸው።

ጥንድነት ራሱ ሙጫ አለመሆኑን ማረጋገጥ የሚፈልግ ካለ፣ ከሃይድሮጅን ሞለኪውል አንዱን ኤሌክትሮን ቢያወጣ ሞለኪውሉ አይበተንም። በአንድ ኤሌክትሮን ብቻ ይያያዛል፤ የሙሉው ቦንድ ኢነርጂ በሞል 436 ኪሎጁል ሲሆን የዚህኛው 255 ያህል ነው። ነጠብጣቦቹ ሌላም የማይሉት ነገር አለ፤ ፈሳሽ ኦክስጅን በማግኔት ይሳባል፣ በሉዊስ ሥዕል ግን ሁሉም ኤሌክትሮን ጥንድ ስለሆነ መሳብ አልነበረበትም። እንዲያም ሆኖ በየሰሌዳው ላይ እስከ ዛሬ አሉ፤ በቾክ በግማሽ ደቂቃ ይህን ያህል እውነት የሚናገር ሌላ ሥዕል አላውቅም።

የሰውዬው የራሱ ታሪክ ግን ያሳዝናል። በ1918 ለጦርነቱ ፈረንሳይ ሄዶ ወታደሮች ከመርዝ ጋዝ እንዴት እንደሚጠበቁ ሲያሠለጥን ቆየ። (ሉዊሳይት የሚባለው መርዝ በእሱ ስም የተጠራ የሚመስላቸው አሉ፤ የሌላ ሉዊስ ነው።) በ1919 ላንግሙር የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሳይንቲስት ሐሳቡን አስፍቶ ጻፈበት፣ ከተማ ለከተማ እየዞረ አስተማረበት። ላንግሙር አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ሉዊስ መድረክ አይወድም። «ኮቫለንት» የሚለው ቃል የወጣው ከላንግሙር ነው። ላንግሙር አልሰረቀም፤ የሉዊስን ስም ጠርቷል። ሆኖም ሰዎች ነገሩን «የላንግሙር ቲዮሪ» ማለት ሲጀምሩ ሉዊስን ከነከነው፤ በ1923 መጽሐፉ ቅሬታውን በቀልድ ጠቅልሎ አስፍሮታል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የ1902ቱን የኩቦች ሥዕል አሳትሞታል።

ከዚያ የኖቤል ነገር። ሉዊስ ከ30 ጊዜ በላይ ታጭቷል፤ አንድም ጊዜ አላገኘም። ላንግሙር በ1932 አገኘ፣ በገጽታ ኬሚስትሪ ሥራው። ከባድ ሃይድሮጅንን ያገኘው የሉዊስ የቀድሞ ተማሪ ዩሪ በ1934 ብቻውን ተሸለመ፤ ንጹሕ ሊባል የሚችል ከባድ ውሃ በመጀመሪያ የለየው ግን ሉዊስ ነበር። በርክሌይ ከእሱ ሥር ተምረው ወይም ሠርተው ከተሸለሙት ውስጥ ዩሪ፣ ጂዮክ፣ ሲቦርግ፣ ሊቢና ካልቪን አሉ። ላይነስ ፖሊንግ በ1939 ስለ ኬሚካል ቦንድ የጻፈውን ታዋቂ መጽሐፍ መታሰቢያነቱን ለሉዊስ ሰጥቶታል።

መጋቢት 1946 ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሉዊስ በ70 ዓመቱ ላቦራቶሪው ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ይሠራ የነበረው በፈሳሽ ሃይድሮጅን ሳይናይድ ነው። የልብ ሕመም ነው ተባለ፤ ሌላ የጠረጠሩም አሉ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሙከራውን በገዛ እጁ ይሠራ ነበር።

በ1920 ከሉዊስ ክፍል የወጡ ሁለት ሰዎች፣ ላቲመርና ሮድቡሽ፣ ውሃ ለምን እንደ ውሃ እንደሚሆን የሚያስረዳውን ሃይድሮጅን ቦንድ አምጥተዋል። እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ በሚቀጥለው እጽፈዋለሁ። ጥያቄ ያለው ኮመንት ላይ ያስቀምጥልኝ፤ ከኋላ ወንበርም ቢሆን።