መርከቢቱ ጠፋች፥ ሰዎቹ ግን ዳኑ

የአገር አሳሾችን ታሪክ ስናነብ ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው «ካሰበበት ደረሰን ወይስ ሳይደርስ ቀረ?» ብለን ነው። ኖርዌጂያዊው ሮአልድ አሙንድሰን በ1911 ዓ. ም. ከሰው ሁሉ ቀድሞ ደቡብ ዋልታን ስለ ረገጠ ስሙ በዓለም ተጠራ። እንግሊዛዊው ካፒቴን ስኮት በ1912 ዓ. ም. ሁለተኛ ሆኖ ደረሰና ሲመለስ ከአራት ጓደኞቹ ጋር በመንገድ ሞቶ ቀረ። እኔ ግን ከዚህ በታች የምጽፈው ካሰበበት ሳይደርስ ስለ ቀረ፥ ነገር ግን ከብዙ ደራሾች ይልቅ ሊመሰገን ስለሚገባው ስለ ሰር ኧርነስት ሻክልተን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሻክልተን በ1874 ዓ. ም. በአየርላንድ ተወለደ። በጃንዋሪ 1909 ዓ. ም. ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ ደቡብ ዋልታ ሲገሠግሥ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲቀረው ስንቁ እያለቀ መሆኑን ተመለከተ። ወደ ፊት ቢቀጥል ዋልታውን ይረግጣል፤ መመለሻ ግን አይኖረውም። ስለዚህ ክብሩን ትቶ ተመለሰ፤ አራቱም በሕይወት ገቡ። ይህ ሰው ምን ዓይነት መሪ እንደ ነበረ ከዚህ ላይ መገመት ይቻላል።

አሙንድሰን ዋልታውን ከረገጠ በኋላ ሻክልተን አዲስ ሐሳብ አሰበ። ይኸውም የደቡብ ዋልታን ምድር አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ማቋረጥ ነበር። መርከቡን «ኢንዱራንስ» ብሎ ሰየማት፤ ትርጓሜውም ጽናት ማለት ነው። በዲሴምበር 5 ቀን 1914 ዓ. ም. ሳውዝ ጆርጂያ ከምትባለው ደሴት ተነሥቶ ራሱን ጨምሮ 28 ሰዎችና ብዙ ውሾች ይዞ ወደ ደቡብ ተጓዘ።

ነገር ግን ሰው ያስባል፥ እግዚአብሔር ይፈጽማል እንዲሉ፥ ከምድሩ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው በጃንዋሪ 1915 ዓ. ም. በዌዴል ባሕር ላይ በረዶ መርከቢቱን ከየአቅጣጫው ከበባት። ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አልተቻለም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከበረዶው ጋር ተጣብቃ በረዶው ወደ ወሰዳት ስትሄድ ቆየች። የዚያ አገር ክረምት እንደ እኛው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ሳይሆን ፀሐይ የማትታይበት ጨለማ ነው። በመጨረሻም በረዶው ግራና ቀኝ እየገፋ ጎኗን ሰበረውና በኦክቶበር 27 ቀን ሰዎቹ ሁሉ ለቀዋት በበረዶው ላይ ወረዱ። በኖቬምበር 21 ቀን ሰጠመች።

ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ሻክልተን አንታርክቲካን ማቋረጥ የሚለውን ሐሳብ ፈጽሞ ተወው፤ ዓላማው ሰዎቹን ሁሉ በሕይወት ወደ አገራቸው መመለስ ብቻ ሆነ። ሸክም እንዲቀል እያንዳንዱ ሰው ከግል ዕቃው አንድ ኪሎ ያህል ብቻ እንዲይዝ አዘዘ። ለምሳሌ እንዲሆንም እርሱ ራሱ የወርቅ ገንዘቡን በበረዶው ላይ ጣለ። ነገር ግን ባንጆ የሚባለውን እንደ ክራር ያለ የሙዚቃ መሣሪያ ሰዎቹን ከሐዘን ይጠብቃል ሲል እንዲያዝ አደረገ። ወርቅ ተጥሎ ክራር ሲያዝ እንዴት ያስደንቃል!

ሰዎቹ አምስት ወር ከግማሽ ያህል በበረዶው ላይ በድንኳን ኖሩ። ሲል የሚባለውን የባሕር አውሬና ፔንግዊን የሚባለውን መብረር የማይችል ወፍ እያደኑ ይበሉ ነበር። የሚቀልባቸው ስለ ታጣ ውሾቹ ሁሉ ተገደሉ። በኤፕሪል 1916 ዓ. ም. በረዶው ከሥራቸው መሰነጣጠቅ ሲጀምር በሦስት ጀልባዎች ተሳፍረው ከብዙ መከራ በኋላ ኤለፋንት ከምትባል ሰው ከሌለባት ደሴት ደረሱ። ጽኑ መሬት ሲረግጡ በ497 ቀን ውስጥ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሆኖም በዚያች ደሴት አጠገብ መርከብ አያልፍም ነበርና ማንም መጥቶ ሊያገኛቸው አይችልም። ስለዚህ ሻክልተን አምስት ሰዎች መርጦ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ሳውዝ ጆርጂያ በአንዲት ጀልባ ለመሄድ ቆረጠ። «ጄምስ ኬርድ» የተባለችው ይህች ጀልባ ርዝመቷ ሰባት ሜትር ያህል ነበር። አናጢው ሃሪ ማክኒሽ በሣጥን እንጨትና በሸራ ከላይ ከደናት፤ ስንጥቋንም በመብራት ክር፥ በሠዓሊ ቀለምና በአውሬ ደም ደፈነ። የያዙት ስንቅ የአንድ ወር ብቻ ነበር፤ በአንድ ወር ካልደረሱ ከዚያ ወዲያ ስንቅ እንደማያስፈልጋቸው ሻክልተን ያውቅ ነበርና።

በኤፕሪል 24 ቀን ተነሡ። ማዕበሉ እንደ ተራራ እየተነሣ ይወድቅባቸው ነበር። የሚረጨው ውሃ በጀልባዋ ላይ በረዶ እየሆነ ሊያሰጥማት ሲል በሆዳቸው እየተሳቡ በመጥረቢያ ይፈነቅሉት ነበር። መንገድ መሪው ፍራንክ ዎርስሊ አቅጣጫውን የሚያውቀው ፀሐይን በመሣሪያ እየለካ ነው፤ ፀሐይ ግን በዚያ ሁሉ ጉዞ የታየችው አራት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። በስሌቱ ጥቂት ቢሳሳት ኖሮ ደሴቲቱን አልፈው በውቅያኖስ ውስጥ በጠፉ ነበር። ነገር ግን በሜይ 10 ቀን ደረሱ።

የደረሱበት ግን ሰው የሌለበት የደሴቲቱ ወገን ነበር። የዓሣ ነባሪ አዳኞች መንደር የሚገኘው ከተራራው ማዶ ነው፤ ያንንም ተራራ ከዚያ በፊት የተሻገረው ሰው አልነበረም። ከስድስቱ ሁለቱ ደክመው ስለ ነበር አንዱ እየጠበቃቸው ቀሩ። ሻክልተን፥ ዎርስሊና ቶም ክሪን በረዶው እንዳያንሸራትታቸው በጫማቸው ሥር ብሎን መትተው፥ አንድ ገመድና አንድ የአናጢ መጥረቢያ ይዘው ወጡ። 36 ሰዓት ያህል ያለ ድንኳን ተጓዙ። በሜይ 20 ቀን ማለዳ ከሩቅ የሠራተኛ መቀስቀሻ ፉጨት ሰሙ፤ ከአንድ ዓመት ከአምስት ወር በላይ ያልሰሙት የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

በኤለፋንት ደሴት የቀሩት 22 ሰዎች በዚህ ጊዜ ሁለቱን ጀልባዎች ገልብጠው ከሥር ይኖሩ ነበር። በመካከላቸው ብላክቦሮ የሚባል፥ ተደብቆ በመርከቢቱ የተሳፈረ ወጣት ነበረ። ውርጭ የበላው የግራ እግሩ ጣቶች በዚያው ተቆረጡለት። የቀሩትን እንዲመራ የተሾመው ፍራንክ ዋይልድ በየማለዳው አለቃው ዛሬ ሊመጣ ይችላልና ዕቃችሁን ጠቅልሉ ይላቸው ነበር። ሻክልተን ሦስት ጊዜ መርከብ ይዞ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ በረዶ መለሰው። በአራተኛው ጊዜ በኦገስት 30 ቀን 1916 ዓ. ም. የቺሊ መንግሥት በሰጠችው «ዬልቾ» በምትባል ትንሽ መርከብ፥ በሉዊስ ፓርዶ መሪነት ደረሰ። 22ቱም በሕይወት ነበሩ።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሁሉ ካልተናገርን ታሪክ ጻፍን ለማለት አንችልም። ሻክልተን ሲሻገር የሚበላውን ስንቅ በማዶው ወገን እንዲያስቀምጡ የተላኩ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። እነርሱም መርከባቸው በማዕበል ስለ ተወሰደች አሥር ሆነው በዚያ ቀሩ። ቢሆንም ቃላቸውን ጠብቀው ስንቁን ከታዘዙበት አደረሱ፤ ሻክልተን ግን አልመጣም፤ ሦስቱም ሞቱ። የቀሩትን ሰባቱን በጃንዋሪ 1917 ዓ. ም. ሻክልተን ራሱ አብሮ ሄዶ አወጣቸው። ደግሞም ጀልባዋን ያበጀው አናጢ ማክኒሽ በበረዶው ላይ ሳሉ ትእዛዝ አልቀበልም ብሎ ስለ ነበር ለጓደኞቹ የተሰጠው የዋልታ ሜዳይ ተከለከለ። ያለ እጁ ሥራ ግን ማንም ባልዳነ ነበር።

ሻክልተን በ1922 ዓ. ም. ለሌላ ጉዞ ሲሄድ በሳውዝ ጆርጂያ ሞተና በዚያው ተቀበረ። መርከቡም በማርች 2022 ዓ. ም. በ3,008 ሜትር ጥልቀት ላይ ሳትፈርስ ተገኘች፤ ስሟ በጀርባዋ ላይ ይነበባል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች! ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት እያንዳንዳችን ልንደርስበት የምንመኘው ቦታ አለን። መመኘት መልካም ነው። ነገር ግን መርከባችን የተሰበረ ቀን፥ የቀረውን ትተን ለመርከቢቱ ስናለቅስ እንዳንገኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የሚጠየቀው የት ደረስህ ተብሎ ሳይሆን ማንን ይዘህ ተመለስህ ተብሎ ነው።