በጥንታዊት አቴና የሴቶችና የባሮች ሁኔታ

ስለ ጥንታዊት አቴና ስንናገር አስቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ሕዝባዊ አገዛዝዋና ፍልስፍናዋ ነው። ዜጎች በአደባባይ ተሰብስበው ሕግ የሚያወጡባት፥ ዳኞችም በዕጣ የሚመረጡባት ከተማ ነበረችና ምስጋናው ይገባታል። ነገር ግን በዚያ ጉባኤ እጃቸውን የሚያነሡት እነማን ነበሩ ብለን ብንጠይቅ፥ ዕድሜያቸው የደረሰ ወንዶች ዜጎች ብቻ ሆነው እናገኛቸዋለን። ሴቶችና ባሮች ከደጅ ቀርተዋል። የእነዚህን ሁለት ወገኖች ዕጣ በምን እንደሚመሳሰልና በምን እንደሚለያይ ብንመረምር፥ ባሪያ አሳዳሪ ማኅበር በምን ላይ እንደሚቆም እንረዳለን።

የዜጋ ልጅ የሆነች ሴት ነጻ ትባል ነበር፤ ሆኖም ዕድሜዋን ሁሉ ከወንድ ሥልጣን በታች ትኖራለች። ጠባቂዋ አስቀድሞ አባቷ፥ ኋላም ባሏ ነው። ከአንድ ሜዲምኖስ ገብስ ዋጋ በላይ በራስዋ ፈቃድ መዋዋል በሕግ አልተፈቀደላትም፤ በፍርድ ሸንጎም ቆማ አትናገርም። ወንድም የሌላት እንደ ሆነ፥ የአባቷ ርስት ከቤት እንዳይወጣ የቅርብ ዘመድዋ እርስዋንም ርስቱንም ሊጠይቅ ይችላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ451 ዓመት ፔሪክሌስ ባቀረበው ሕግ፥ ዜጋ ለመባል አባት ብቻ ሳይሆን እናትም የአቴና ተወላጅ መሆን ነበረባት። እንግዲህ ዜግነት በሴቲቱ በኩል ያልፋል እንጂ ለእርስዋ ድምፅ አይሆንላትም ነበር።

ባሪያው ግን ከዚህም እጅግ ያነሰ ነበር። በ414 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፥ ሃይማኖትን በመዳፈር የተፈረደባቸው ሰዎች ሀብት ተወርሶ ሲሸጥ ዋጋው በድንጋይ ተቀረጸ። ከተሸጡት ባሮች መካከል አንድ የሶርያ ሰው 301 ድራክማ፥ አንዲት የትራቄ ሴት 165 ድራክማ፥ አንድ የካርያ ሕፃን 72 ድራክማ አውጥተዋል። ኒቅያስ የተባለው ባለጸጋም 1000 ሰዎች በላውሪዮን ብር ማውጫ እንዲሠሩለት እያከራየ፥ ስለ እያንዳንዱ በቀን አንድ ኦቦል ይቀበል እንደ ነበር ዜኖፎን ጽፏል። ስድስት ኦቦል አንድ ድራክማ ስለ ሆነ፥ የአንዱ ቀን ኪራይ ብቻ የዚያችን የትራቄ ሴት ዋጋ ይሞላ ነበር። የባሪያ ምስክርነት በሸንጎ የሚታመነው በደንቡ ተገርፎና ተሠቃይቶ ሲናገር ነው። ጌታው አለ ልክ ያስጨነቀው ባሪያ ግን በቴሴዎስ መቅደስ ተማጥኖ ለሌላ ጌታ እንዲሸጥ ለመለመን ይችል ነበር። ከሰው ወደ ሰው መሸጋገር እንጂ ነጻነት አልነበረም።

የሁለቱን ወገኖች መገናኛ ለማየት ወደ ቤት ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ዜኖፎን ስለ ቤት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ፥ ኢስኮማኮስ የተባለው ሰው 15 ዓመት ሳይሞላት ያገባትን ሚስቱን ሲያስተምር እናነባለን። እንደ ንብ አውራ በቤት ተቀምጣ ሠራተኞቹን እንድታሰማራ፥ የታመሙትንም አገልጋዮች እንድታስታምም ያዝዛታል። የወንዶቹና የሴቶቹ ባሮች ማደሪያም በመቀርቀሪያ የተዘጋ በር ይለየዋል፤ ምክንያቱም አለ ጌቶቻቸው ፈቃድ እንዳይወልዱ ነው። ስለዚህ በአደባባይ ድምፅ የሌላት እመቤት በቤቷ የሌሎች ገዢ ትሆናለች። ከሁሉ በታች የቀረችው ሴት ባሪያ ናት፤ ስለ ሴትነትዋም ስለ ባርነትዋም ሁለቱን ቀንበር ትሸከማለች፤ የወለደችው ልጅም የጌታው ሀብት ነው።

ይህ ሁሉ በልማድ ብቻ ሳይሆን በፍልስፍናም ተደግፎ ነበር። አሪስጣጣሊስ ባሪያን ነፍስ ያለው መሣሪያ ብሎታል፤ ባሪያ የማመዛዘን ኃይል የለውም፥ ሴት ግን ቢኖራትም ሥልጣን የለውም ሲል አስተምሯል። ይሁን እንጂ ባርነት ከኃይልና ከሕግ እንጂ ከተፈጥሮ አይደለም የሚሉ ተከራካሪዎች እንደ ነበሩ ራሱ ይመሰክራል። ደግሞ ከአሪስጣጣሊስ መወለድ አስቀድሞ፥ ስፓርታውያን በ413 ዓመት ደቀሊያን በያዙ ጊዜ ከ20000 የሚበልጡ ባሮች ከአቴናውያን ከድተው ሄደዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የእጅ ባለሙያዎች እንደ ነበሩ ቱሲዲደስ ጽፏል። ማመዛዘን የማይችል መሣሪያ መንገዱን መርጦ ሊሄድ እንዴት ቻለ? የፈላስፋውን ትምህርት የባሮቹ እግር አስቀድሞ አፍርሶት ነበር።

ይህን ስንጽፍ በአቴና ለመፍረድ ብቻ አይደለም። በሀገራችን ሲሠራበት የኖረው ፍትሐ ነገሥት ሰዎች በተፈጥሮ ነጻ እንደ ሆኑ፥ ባርነትንም ያመጣው ጦርነት እንደ ሆነ ይናገራል። ቃሉ ከአሪስጣጣሊስ ቃል የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ባርነት በኢትዮጵያ ፈጽሞ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓመተ ምሕረት ነው። መልካም ቃል በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ ባሪያው በጓዳ ሲፈጭ ኖሯል። እንግዲህ የአንድን ሀገር ነጻነት የምንመዝነው በአደባባይ በሚናገሩት ሰዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ እንጀራቸውን ማን እንደሚጋግርላቸውና ያም ሰው በራሱ ላይ ሥልጣን እንዳለው በመጠየቅ ጭምር ሊሆን ይገባል።