ከእርግብ ቤት በታች

የታሪክ ተማሪዎች ሆነን ስለ ነፍሳት ምን አገባችሁ የሚለን አይጠፋም። እኛ የያዝነው ግን ማን አገኘ፣ ማንስ ስም አወጣ የሚለውን ጥያቄ ነው፤ ይኸ ደግሞ የእኛው ሙያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ2017 አልቤርቶ ሴንድራ፣ ቦሪስ ስኬትና ፓቬል ስቶየቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በምሥራቅ ቱርክሜኒስታን፣ በኮይተንዳግ ተራራ ካለው የካፕታርሃና ዋሻ የተገኘ አዲስ ወገን ይፋ አደረጉ። ወገን ስንል ከዝርያ ከፍ፣ ከቤተሰብ ዝቅ የሚለው ማዕርግ ነው። ወገኑን ቱርክሜኖካምፓ፣ ዝርያውን ደግሞ ሚራቢሊስ፣ ማለትም «አስደናቂ» አሉት። ያ ተራራ የታወቀው በድንጋይ ላይ በቀረ የዳይኖሰር ኮቴ ነው፤ ይኸኛው ግን በሚሊሜትር የሚለካ፣ ፈዛዛ፣ ክንፍ የለሽ፣ ከኋላው ሁለት ቀጫጭን ጭራ ያወጣ ፍጡር ነው። መደቡ ዲፕሉራ ይባላል፤ በግሪክኛ «ባለ ሁለት ጭራ» ማለት ሲሆን ስሙን በ1904 ያወጣው ጀርመናዊው ካርል ቦርነር ነው።

ዘመዶቹ ግን ከዚያም በፊት ይታወቁ ነበር። በአፈር ውስጥና በድንጋይ ሥር የሚኖረውን ካምፖዴያን እንግሊዛዊው ዌስትዉድ በ1842 ጽፎታል። በ1869 ኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ብራወር የነፍሳት ሁሉ ቅድመ አያት ካምፖዴያን ሳይመስል አይቀርም አለ፤ የዳርዊን ጎረቤት ጆን ለቦክም በ1873 ባወጣው መጽሐፍ ይህንኑ አራገበ። መቼም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ምሁር የዘር ሐረግ ሳይቆጥር አያድርም! ዛሬ ይኸ አባትነት ተሽሯል፤ ዲፕሉራዎች የነፍሳት የቅርብ ዘመዶች እንጂ አባቶች አይደሉም። አፋቸው እንኳ እንደ አንበጣ አፍ ውጭ አይታይም፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ የተከተተ ነው።

ደግሞ የዋሻ ጨለማ ዐይናቸውን አጠፋው ማለት ይቀናናል። እንዴት ይሆናል? ከዋሻ ውጭ አፈር ውስጥ ያሉት ዘመዶቻቸውም እኮ ዐይን የላቸውም! ዋሻ ገብ የሆኑት የሚለዩት ይልቅ በአንቴናና በእግር መርዘም ነው።

ጨለማ በእርግጥ ዐይኑን ያጠፋው ፍጡር የፖስቶይናው ጥንዚዛ ነው፤ ጥያቄያችንም እዚህ ላይ ይገጥመናል። ይህን ጥንዚዛ በ1831፣ ዛሬ ስሎቬኒያ በሚባለው አገር፣ ያገኘው ሉካ ቼች የተባለ የዋሻው መብራት አብሪ ነበር። ጥንዚዛው ለካውንት ፍራንዝ ሆሄንዋርት ተሰጠ፤ ከእሳቸው ፈርዲናንድ ሽሚት እጅ ገባ፤ ሽሚትም በ1832 ጽፎ አሳተመ። ታዲያ የዝርያው ስም የካውንቱ ሆነ፣ ከስሙ ኋላ በደንቡ መሠረት የሚጻፈው ደግሞ ሽሚት። ፋኖሱን ይዞ የገባው ሰውዬ ከስሙ ፊትም ከኋላም የለም።

ካፕታርሃና «የእርግብ ቤት» ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው የአገሩ ቋንቋ ነው። ሦስቱ ተመራማሪዎች የወገኑን ስም ለመኳንንት ሳይሆን ለአገሩ ሰጥተዋል፤ ይኸ ከፖስቶይናው ይሻላል እንላለን። ከስሙ ኋላ የሚጻፉት ግን ያው ጽፈው ያሳተሙት ብቻ ናቸው።