የታም ሊን ዘፈን ጉዞ

በደቡብ ስኮትላንድ፣ ሰልከርክ ከተማ አጠገብ የኤትሪክና የያሮ ወንዞች ይገናኛሉ። በመገናኛቸው ያለው ጫካ ካርተርሆ ይባላል። «ታም ሊን» የተሰኘው ባላድ፣ ማለትም ታሪክ ነጋሪ ዘፈን፣ መቼቱ ይኸው ጫካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1549 ገደማ የተጻፈ አንድ የስኮትላንድ መጽሐፍ እረኞች ከሚያወጓቸው ተረቶች መካከል ስሙን ይጠራዋል።

ጃኔት የተባለች ወጣት እንዳትደርስ ወደተከለከለችበት ጫካ ትሄዳለች። ጽጌረዳ ስትቀጥፍ ታም ሊን ከፊቷ ድቅን ይላል፤ ከእሱም ትፀንሳለች። እሱ ለአደን ወጥቶ ከፈረስ ሲወድቅ የፌሪዎች ንግሥት የወሰደችው ሰው ነው። ፌሪዎችን በአማርኛ «ስውራን» ማለት ያስኬዳል፤ ብቻ የኢትዮጵያ ስውራን ቅዱሳን ናቸው፣ እነዚህ ግን በየሰባት ዓመቱ ለሲኦል አሥራት ይከፍላሉ። ታም ሊን አሥራቱ እኔው እሆናለሁ ብሎ ሠግቷል። ጃኔት በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ፣ በእኩለ ሌሊት፣ እሱ እንደነገራት ስውራኑ በፈረስ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ትጠብቃለች። ጥቁሩንና ቡናማውን ፈረስ አሳልፋ የነጩን ጋላቢ ጎትታ ታወርዳለች። በእቅፏ እባብ ይሆናል፣ ድብ ይሆናል፣ አንበሳ ይሆናል፤ አትለቀውም። ፍም ሲሆን ውኃ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ራቁቱን ሰው ሆኖ ሲወጣ በካባዋ ትሸፍነዋለች።

ገጣሚው ሮበርት በርንስ ለሕትመት የላከው ቅጂ በ1796 ታተመ። ደራሲው ዋልተር ስኮት ደግሞ በ1802 የተለያዩ ቅጂዎችን ቀላቅሎ፣ አዳዲስ ስንኞችም ጨምሮ አሳተመ። በዚያው ዓመት ያገኛት የኤትሪክ ባላገር ማርጋሬት ሌይድሎ፣ ልጇ ጄምስ ሆግ ኋላ እንደጻፈው፣ ዘፈኖቹ ለመዘፈን እንጂ ለመነበብ አልተሠሩም፣ ማተሙ አበላሻቸው ብላ ወቅሳዋለች። ወቀሳዋ ተገቢ ነበር፤ ስኮት ያሳተመው አንድም ባላገር እንዲያ ብሎ ያልዘፈነውን ነው። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ግን ከ1882 እስከ 1898 በታተመው የ305 ባላዶች ስብስቡ ቅጂዎቹን ሳይቀላቅል ለየብቻ አስቀመጠ። «ታም ሊን» በዚያ ቁጥር 39 ነው።

በ1969 ፌርፖርት ኮንቬንሽን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫወተው። የፋንታሲ ደራስያንም ወረሱት። ፓሜላ ዲን በ1991 ባሳተመችው ልብ ወለድ ታሪኩን ወደ አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ወሰደችው። ከሁሉ ይበልጥ የደፈረችው ግን እንግሊዛዊቷ ዳያና ዊን ጆንስ ናት። በ1985 በወጣው «ፋየር ኤንድ ሄምሎክ» ውስጥ ጀግናዋ ሰውየውን የምታድነው አጥብቃ በመያዝ ሳይሆን በመልቀቅ ነው።