ሙክባዛ እና ኅብስት

ጅቡቲ ከተማ ገብቶ ዓሣ የት እንደሚበላ ለጠየቀ ሰው መልሱ አጭር ነው፦ ሙክባዛ። የየመን ተወላጆች በቤተሰብ የሚያሠሩት ቤት ነው፤ አባት ምድጃው ላይ ከሆነ ልጅ ሂሳብ ይቀበላል። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤ በቅመም ይለወስና ወደ ጋለው የሸክላ ምድጃ ይገባል። ከሰፊ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ሹካ የሚጠይቅ እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል።

ዓሣ ቤት በዳቦ ስም መጠራቱ መጀመሪያ ግር ያሰኛል። ዓረብኛው «ኸበዘ» ጋገረ ማለት ነው፤ ሙክባዛም መጋገሪያ። ምድጃውን ላየ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቂጣውም ዓሣውም የሚወጡት ከአንድ እሳት ነው።

እኛ ይህን ቃል እናውቀዋለን። በግእዝ ኀበዘ ማለት ጋገረ ነው። ኅብስት የመጣው ከዚሁ ነው፤ ደንቡ «ኅብዝት» ነበር፣ ዘ ከት ጋር ሲጋጠም ለምላስ ስለሚከብድ ወደ ሰ ተለወጠ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 40 ላይ ከዮሴፍ ጋር የታሰረውን «የእንጀራ አበዛ» ታስታውሳላችሁ? እኔ በልጅነቴ እንጀራውን የሚያበረክት፣ የሚያበዛ ሰው ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ኀለፈ «አለፈ»፣ ኀደረ «አደረ» እንደሆነ ሁሉ፣ ኀበዘም በአማርኛ ኀውን ጥሎ አበዛ ሆነ፤ ሰውየው ጋጋሪ ነው።

ቁርኣን ውስጥ «ኹብዝ» የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በሱረቱ ዩሱፍ (12፥36)፣ በዚያው እስረኛ ሕልም። ቃሉ ከግእዝ ወደ ዓረብኛ ተሻገረ የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እኔ በዚህ አልምልም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ እናት የወረሱት ሊሆንም ይችላል። ስለ «ማኢዳ» ግን ክርክሩ ቀለል ይላል። ጀርመናዊው ቴዎዶር ኖልደከ የ5ኛው ሱራ መጠሪያ የሆነው ይህ ቃል ከግእዙ ማእድ እንደተወሰደ ጽፏል፤ ብዙዎችም ተከትለውታል። ማእዳችን ባሕር ተሻግሯል ማለት ነው።

ሙክባዛ ውስጥ ከዓሣው በኋላ ፈታ ይመጣል፤ ቂጣ ከሙዝና ከማር ጋር ተፈትፍቶ። «ተፈትፍቶ» ያልኩት አውቄ ነው። ዓረብኛው «ፈተ» ቆራረሰ ማለት ነው፤ ግእዙም ፈተተ ይላል። ካህኑ በጸሎተ ፈትቶ ጊዜ የሚፈትተው ኅብስትና ቤታችን የምንበላው ፍትፍት ከዚህ ሥር ናቸው።

እንግዲህ አንድ ልመና አለኝ። ኅብስትን በሃሌታው ሀ «ህብስት» ብላችሁ አትጻፉት። ጅቡቲ ያለው ጋጋሪ ዛሬም ከጉሮሮው የሚያወጣውን ድምፅ እኛ ዘንድ ያስቀረው ብዙኃኑ ኀ ብቻ ነው።